የማይነቃነቁት ወንበሮች

የኮሌጁን አናጺ ሁሉም ሰው ጋሽ ብሎን ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎች ናቸው፤ ምን ተበላሸ ቢሉት መልሱ አንድ ነው፦ «ብሎን ይታሰርበት።» የሚወዛወዝ ጠረጴዛም ሆነ አልዘጋ ያለ በር በብሎን ይድናል። የጥገና ኃላፊው አንድ ቀን ስለ ትዳሩ ሲያማርርለት እንኳ ዝም ብሎ ካቻቪቴውን አቀበለው ይባላል።

ቤቱ ውስጥ ግን በብሎን የማትያዝ ሰው አለች፤ የእህቱ ልጅ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው። ከትንሽነቷ ጀምሮ ራት ላይ የሚላትን ሁሉ «ለምን?» ትለዋለች። ይህ ደስ ስለሚለው ሆን ብሎ ይነካካታል።

«ብረት ከእንጨት ይበልጣል» ይላታል።

«በምኑ? ብረት ይዝጋል።»

«እንጨትስ ነቀዝ አይበላውም?»

«ነቀዙን የምታመጣው አንተ ነህ፤ ያልደረቀ እንጨት እየገዛህ።»

እንዲህ ሲባባሉ ምግቡ ይቀዘቅዛል።

ኮሌጅ ስትገባ ይህንኑ አመሏን ይዛ ገባች። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ አሮጌ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ተማሪዎች ክብ ሠርተው የሚከራከሩበት ስብሰባ ጀመረች። ደንቡ አጭር ነው፤ የማትስማማበትን ሐሳብ መጀመሪያ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ ደግመህ ትናገርለታለህ፣ ተቃውሞህ ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ብሎን የበሩን ማጠፊያ ዘይት የሚቀባ መስሎ ያዳምጥ ነበር። በኮሌጁ እንደዚያ ዘይት የጠገበ ማጠፊያ አልነበረም።

አንድ ሐሙስ የተማሪዎች ምርጫ ተጭበርብሯል፣ አልተጭበረበረም በሚል ክርክሩ ጋለ። አንድ ረጅም ልጅ ደሙ ፈልቶ ወንበር አነሳና ወረወረ። የተከራካሪው ቅንድብ ተሰነጠቀ፤ ሐኪም ቤት ሄዶ ተሰፋ። ዲኑ የእህቱን ልጅ አስጠርተው «አንድ ወንበር ደግሞ ቢበር ክፍሉ ይቆለፋል» አሏት።

ያን ቀን ራት ላይ አልተከራከረችም። «የሚቀጥለው ሐሙስ ከተበላሸ አለቀልን፣ አጎቴ» ብቻ አለች።

ወንበር እንዳይበር ከሆነማ ይሄ ምን ይገዳል፣ አለ ጋሽ ብሎን በልቡ። ምንም ሳይነግራት ቅዳሜና እሑድ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ዘጋ። በየወንበሩ የብረት እግር ሥር ጠፍጣፋ ብረት በየደ፤ ሲሚንቶውን በድሪል በስቶ በብሎን አጠበቀው። ማንም መጥቶ እንዳይፈታው የብሎኑን ጭንቅላት ከብረቱ ጋር በየደው። ክቡን አልነካባትም። በወንበርና በወንበር መሐል ግን ክንድ የማይደርስበት ርቀት ተወ። ሲጨርስ እያንዳንዱን ይዞ ወዘወዘ፤ ንቅንቅ የለም። እንዲህ ያማረ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ሐሙስ ደረሰ። ዲኑ ከኋላ ቆሙ፣ ጋሽ ብሎን ከማጠፊያው አጠገብ። ቅንድቡ የተሰፋው ልጅ ቀድሞ መጥቶ ተቀምጧል። ያ ረጅሙ ገባ። ቀጥ ብሎ ወደ ተጎዳው ልጅ ሄደ።

«አጠገብህ ልቀመጥ?»

«ተቀመጥ» አለው ያኛው።

ረጅሙ ወንበሩን ሊያስጠጋ ሳበ። እምቢ አለው። በሁለት እጁ ሳበ።

«ወንበሮቹም ተኳርፈዋል መሰለኝ» አለ አንዱ። ተሳቀ።

ረጅሙ ጎንበስ ብሎ የወንበሩን እግር አየ። የሚቀጥለውንም አየ። ቀና ሲል ፊቱ ልውጥ ብሏል።

«ይሄ ሁሉ ለእኔ ነው?»

«እኔ አላወቅኩም፣ እውነቴን ነው» አለች የእህቱ ልጅ። ልጁ ግን ወጥቷል። ቅንድቡ የተሰፋውም ተነሳ። «እኔም ብሆን እንደ ከብት ታስሬ አላወራም» ብሎ ተከተለው። የቀሩት አንድ ሁለት እያሉ ወጡ። ወንበር የወረወረ የለም።

ዲኑ ወንበሩን በጫማቸው ገፋ አድርገው ሞከሩ። «እጅህ ይባረክ፣ ጋሽ ብሎን። ሌሎቹንም ክፍሎች በዚሁ ጨርስልን።»

«በክብ ነው?»

«የምን ክብ? ሁሉም ፊቱን ወደ ሰሌዳው።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ የእህቱ ልጅ አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ይፈታል?»

«ወለሉ ካልተሰበረ አይፈታም።»

«ምናለ ብትጠይቀኝ ኖሮ።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ክቡ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ጠበቀች፤ የመጣ የለም። ከዚያ ወዲያ እሷም ቀረች። እሱ በድሪሉ ከክፍል ወደ ክፍል ይሄዳል፤ የታዘዘ ሥራ ነው፣ ደመወዙም ከዚያው ነው። ሲሚንቶው ሲበሳ ድምፁ እሷ እስከምትማርበት ድረስ ይሰማል።

አንድ ቀን ራት ላይ ጉሮሮውን ጠረገና «ብረት ከእንጨት ይበልጣል» አላት።

የጎረሰችውን እስክትውጥ ጠበቃት።

«ልክ ነህ፣ አጎቴ።»

«ይዝጋል እኮ» አለ እሱ ራሱ።

«እሺ፣ ይዝጋል» አለችና ሳህኗን አንስታ ሄደች። የእሱ ምግብ ገና እንፋሎት ነበረው።