የጋሽ በየነ መስኮት

ዛሬ ጠዋት የእድራችን ጥሩምባ ሲነፋ የጋሽ በየነ መስኮት አልተከፈተም። በቃ፣ ስም እስኪጠራ መጠበቅ አላስፈለገኝም።

ካዛንቺስ ሲፈርስ ከተረፍነው ጥቂት ጎረቤታሞች አንዱ ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ቫዮሊን ያስተማሩ፣ ሙዚቃ የደረሱ ሰው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ የቀራቸው ጆሯቸው ብቻ ነበር።

ጥሩምባ ሲነፋ እኛ "ማን ሞተ?" እንላለን። እሳቸው ግን መስኮት ከፍተው "ከቅኝት ወጣህ እኮ!" ብለው ነፊውን ይቆጡታል።

"እሺ ጋሼ፣ የእርስዎ ተራ ሲደርስ አስተካክላለሁ" ይላቸዋል። አብረው ይስቃሉ።

ዛሬ መስኮታቸው ስር ቆሞ ነፋ። እንደ ሁልጊዜው ከቅኝት ወጣ።

ከዚያ ቀና ብሎ ጠበቀ። እኔም ጠበቅኩ።

እናንተስ፣ የማን ቁጣ ናፍቋችሁ ያውቃል?