ብርጭቆ የጫረው ሰማያዊ ድንጋይ

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም፣ በመቀሌ ድንጋይን እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው አላየሁም፤ ባይማ እነግራችሁ ነበር። ጎረቤቴ ግን ጡረታ የወጣ የኬሚስትሪ መምህር ስለሆነ እኔን አይጠይቅም። ባለፈው ክረምት ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበትን ባጃጅ በአንድ ሰማያዊ ድንጋይ ሊለውጥ ደላላ ቤቱ አስገባ፤ እኔም ሳልጠራ ተከትዬ ገባሁ። ደላላው የድንጋዩን ጫፍ ብርጭቆ ላይ ሲስበው ብርጭቆው ተጫረ።

«ሰንፔር ነው!» አለ መምህሩ።

«ቆይ፣ እኔም ልሞክረው» አልኩ።

«አያ፣ ይሄ እኮ የላቦራቶሪ ጉዳይ ነው።»

«ላቦራቶሪው ደርሷል» ብዬ ሰንጢዬን አወጣሁ። በድንጋዩ ቁመት ስስበው መስመር አወጣ፤ በአግድም ስስበው ግን ተንሸራተተ። እንዲህ በአንድ በኩል ለስላሳ፣ በሌላው ጠንካራ የሆነ ሰማያዊ ድንጋይ ርካሹ ካያናይት ነው። ሰንፔርን ሰንጢ በየትኛውም በኩል አይጭረውም። ደላላው ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

እንግዲህ የሠራሁት ይህ ነው፦ ድንጋዩን ለየሁ፤ ደላላውን ሸኘሁ፤ ባጃጁን ከግቢው እንዳይወጣ አደረግሁ፤ በማግስቱም መምህሩ በዚያው ባጃጅ እንዳ ኢየሱስ ድረስ እየወሰደኝ ስለ ካያናይት ሲያስረዳኝ፣ አንድም ቃል ሳልናገር ሰማሁት።