የእትዬ አስካለ ምሰሶ

ይህ የሆነው በ2010 ዓ.ም የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ጁባ ውስጥ ነው። ዓመታት ቢያልፉትም ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ አፍራለሁ። ለምን እንደማፍር እስከ መጨረሻው ያነበበኝ ይረዳልኛል።

ያኔ ማላኪያ ሰፈር በሚገኘው የአጎቴ የቀለም ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። የግድግዳ ቀለም፣ አኳራጅ፣ ቡርሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት እንሸጣለን። ከሁሉ የሚቸበቸበው ግን እንጨት የሚያብረቀርቀው ፍላቲንግ ነበር። የጁባ ሰው በቲክ እንጨቱ ላይ የገዛ ፊቱን ካላየበት ተቀባ አይልም።

እኔ ግን አዲስ ነገር ካላመጣሁ አልኩ። ዕቃ ልገዛ ካምፓላ በሄድኩበት አንድ ነጋዴ እሳት የሚቋቋም የእንጨት ቀለም አሳየኝ። ቀለሙ እሳት ሲነካው ያብጥና ወፍራም ቅርፊት ሠርቶ እንጨቱን ይሸፍነዋል። ነጋዴው ዓይኔ እያየ የተቀባ ጣውላ ላይ የጋዝ እሳት ለቀቀበት። ጣውላው ምንም አልሆነም። እኔ ደግሞ እዚያው ቆሜ በሐሳቤ ሀብታም ሆንኩ። ጁባ ማለት እኮ ያኔ ግማሹ እንጨት፣ ግማሹ ሣር፣ የቀረው ኮምፔልሳቶ ነው። በበጋማ ገበያ ውስጥ እሳት ተነሳ ሳይባል የሚያልፍ ሳምንት ብርቅ ነው። ከተማው በሙሉ እኔን ሲጠብቅ የኖረ መሰለኝ። አጎቴን ለምኜና አስለምኜ አርባ ጋሎን አስጫንኩ።

ከተማው አልጠበቀኝም ነበር።

በሱቃችን በር ላይ ሁለት እንጨት ይዤ፣ አንዱን ቀብቼ አንዱን ሳልቀባ፣ እያነደድኩ ማሳየት ጀመርኩ። የቦዳ ቦዳ ሞተር ነጂዎች ባልተቀባው ሲጋራቸውን ይለኩሱና "ሹክራን" ብለውኝ ይሄዳሉ። አንድ መሐንዲስ የላብራቶሪ ሰርተፊኬት አምጣ አለኝ። ሌላው ሰርተፊኬቱን ትቶ "ያብረቀርቃል?" አለ። አያብረቀርቅም። ሲደርቅ አመድ የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው። ከከተማው ወጣ ብሎ ረጃፍ ድረስ ሄጄ አዲስ ቤት ለሚሠሩ አንድ ሽማግሌም አስረድቼ ነበር። ሰውዬው በጥሞና አዳመጡኝና በአስተርጓሚ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። "ቤቱ አርጅቶ ስናፈርሰው፣ ይኼ እንጨት የማይነድ ከሆነ በምን እናበስላለን?" ጋሎኔን ተሸክሜ ተመለስኩ።

ተስፋዬ ሁሉ እትዬ አስካለ ላይ ቀረ።

እትዬ አስካለ ጁባ ምግብ ቤት ከከፈቱ ቀደምት ሐበሾች አንዷ ናቸው። በ2008 ክረምት ከተማው ውስጥ ተኩስ ሲነሳ ቤታቸው ተዘርፎ በለበሱት ልብስ ብቻ ነው የወጡት። ከዓመት በኋላ ተመልሰው፣ የጆሮ ጌጣቸውን ሳይቀር ሸጠው፣ አትላባራ ሰፈር ውስጥ አዳራሽ አሠሩ። ከወለሉ በቀር ሁሉ ነገሩ ቲክ ነው፤ ምሰሶው፣ ግድግዳው፣ ኮርኒሱ። "ከዚህ ሌላ የለኝም። ይኼ ቤት ከሄደ እኔም አለቀልኝ" ይሉ ነበር። ይህን እያሉ ግን ቀለሜን አይገዙኝም።

"ሙሌ፣" አሉኝ አንድ ቀን፣ "የጽዋ ማኅበራችን ጠባቂ ማን ነው?"

"ገብርኤል።"

"ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣቸው ማን ነው?"

"ገብርኤል።"

"ታዲያ አንተ ለእኔ የእሳት መከላከያ ልትሸጥልኝ መጣህ?"

ከመላእክት አለቃ ጋር ተወዳድሮ መሸጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው።

ያዘነልኝ አዳራሹን የሠራው አናጢ ዴንግ ነበር። ዴንግ ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ ጋምቤላ በስደት አድጎ፣ ሙያውን አዲስ አበባ ተምሮ ነው አገሩ የገባው። አማርኛው ከእኔ ይሻላል። ቀልዱማ አይነሳ።

"ማዘር፣ አንድ ምሰሶ ስጪውና እንረፍ" አላቸው። "አለዚያ ይኼ ሐበሻ በየቀኑ እየመጣ በራችን ላይ እንጨት ማንደዱን አይተውም።"

እትዬ አስካለ ዞር ዞር ብለው አዳራሹን አዩና በጓዳው በር በኩል ያለውን፣ እንግዳ የማያየውን ምሰሶ ሰጡኝ። ዴንግ ገና ፍላቲንግ አልቀባውም ነበር። እኔም የዚያኑ ዕለት ቀባሁት። ሲደርቅ፣ ሌሎቹ ምሰሶዎች በፍላቲንግ እያብረቀረቁ የእኔው አመዳም ሆኖ በመካከላቸው ቆመ። እትዬ አስካለ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩትና "ምሰሶዬን አሳመምክብኝ" አሉ። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር "በሽተኛህ እንዴት አደረ?" ይሉኝ ጀመር።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት የጽዋ ማኅበሩ ተረኛ እሳቸው ነበሩ። አዳራሹ ተከፍቶ እንግዳ ሲቀበል የመጀመሪያው ቀን ነው። እኔም ተጠራሁ። እውነቱን ለመናገር ለበዓሉ ብቻ አልሄድኩም፤ ጁባ ያለ ባለ ምግብ ቤት ሐበሻ ሁሉ እዚያ እንደሚሰበሰብ ስለማውቅ ስለ ቀለሜ ልሰብክ ነበር የሄድኩት።

ስገባ ምሰሶዬን ፈልጌ አጣሁት። ሴቶቹ አመዳምነቱ አስጠልቷቸው ከላይ እስከ ታች በነጭ ዳንቴል መጋረጃ ጠቅልለውታል። በዙሪያው የፕላስቲክ አበባ ሰክተው የገብርኤልን ሥዕል ሰቅለውበታል። አገር ቤት በጭቃና በድንጋይ ግድግዳ እንደለመዱት ደግሞ የጧፉን ግርጌ አሙቀው ከሥዕሉ ሥር፣ መጋረጃው ገለጥ ባለበት በኩል፣ ምሰሶው ላይ ለጠፉት። ከቲክ በተሠራ ቤት ውስጥ!

ጧፉን አየሁት። ሁለት ወር ሙሉ ስለ እሳት ስሰብክ የከረምኩት ሰውዬ ጧፉንም መጋረጃውንም አየሁና ዝም አልኩ። ጸሎት ተጀምሮ ስለነበር ማቋረጡ ነውር መሰለኝ። ደግሞም ዳቦው ሊቆረስ ነው።

ጸሎቱ አልቆ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላ እየተቀዳ ሳለ አንዲት ሴት "የሚሸት ነገር አለ" አለች። ዞር ስንል መጋረጃው ተያይዟል። ዳንቴል እሳት ከነካው ጊዜ አይሰጥም፤ ነበልባሉ ምሰሶውን ይዞ ወደ ኮርኒሱ ወጣ። የፕላስቲኩ አበባ እየነደደ ይንጠባጠባል። ጩኸቱ፣ ግፊያው፣ የወንበሩ መውደቅ አንድ ላይ ሆነ።

እትዬ አስካለ ግን አልጮኹም። ዳቦ የቆረሱበትን ቢላዋ እንደያዙ ደርቀው ቆሙ። ኮርኒሱን ነበር የሚያዩት። ያንን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም።

"ጂቡ ሞያ! ውሃ አምጡ!" እያለ ዴንግ ዘሎ ሥዕሉን ከእሳቱ ውስጥ መንጭቆ አወጣው። ውሃው ያለው ጓሮ በርሜል ውስጥ ነው። ቅርብ ያለው ጠላው ነበር። ለማኅበሩ የተጠመቀው ጠላ በጆግ በጆግ እየተቀዳ ምሰሶው ላይ ተደፋ። እኔም የያዝኩትን ብርጭቆ ደፋሁ፤ ከዚያ የበለጠ ጀግንነት አልሠራሁም።

እሳቱ ጠፋ። ጭሱ ሲገለጥ ምሰሶው ከላይ እስከ ታች ጠቁሮ፣ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ነበር። እትዬ አስካለ ቀስ ብለው ተጠጉና ቢላዋውን ለዴንግ ሰጡት። ዴንግ ቅርፊቱን ፋቀው። ከሥሩ ቲኩ እንዳለ ነው፣ ጭረት እንኳ የለበትም። ኮርኒሱም ጥላሸት ከመልበሱ በቀር ምንም አልሆነም።

"ያኛው ባለ ፍላቲንጉ ቢሆን ኖሮ አሁን ሁላችንም ውጭ ቆመን ነበር የምናየው" አለ ዴንግ ጎን ያለውን ምሰሶ እያሳየ።

ጊዜዬ ደረሰ ብዬ ወደፊት ወጣሁ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። "እንግዲህ እንደምታዩት ይህ ቀለም..." ከማለቴ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። "ገብርኤል! ገብርኤል!" ሴቶቹ ምሰሶውን እየተሻሙ ይስማሉ። አንዲት እናት ጥቁሩን ቅርፊት በመሐረባቸው ሲቋጥሩ አየሁና ደነገጥኩ።

"እማማ፣ እሱ ኬሚካል ነው" አልኳቸው።

"እምነት ነው። ዝም በል አንተ!" አሉኝ።

እንዳይቀቡት ለማሳመን ከእሳቱ የበለጠ ጊዜ ፈጀብኝ። አንድ ሰው እንኳ ወደ እኔ ዞሮ እግዜር ይስጥህ አላለኝም። ዴንግ ብቻ ጆሮዬ ሥር መጥቶ "ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም ሙሌ፣ እኔ አይቼሃለሁ" ብሎ ሳቀብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቃችንን ስከፍት እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። "ያንን ገብርኤል የመረጠውን ቀለም ለቤቱ በሙሉ ስጠኝ" አሉ። ከእሳቸው ኋላ ሌሎች ባለ ምግብ ቤቶች ተከተሉ። ያብረቀርቃል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሰርተፊኬት ያለኝም የለም። ጥምቀት ሳይደርስ አርባው ጋሎን አለቀ። አጎቴ ለሰው ሁሉ "የእኔ ልጅ ገበያ ያውቃል" እያለ አወራልኝ።

እኔ ግን ደስታው አልዋጥ አለኝ። የእሳቸውን አዳራሽ ቀብቼ በጨረስኩ ቀን እትዬ አስካለ ሻይ ይዘውልኝ መጡ። አጠገቤ ተቀምጠው ሲመርቁኝ አላስችል አለኝና ተናዘዝኩ።

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጋሎኑ ላይ ሦስት እጅ፣ ማለት እየደረቀ ሦስት ጊዜ፣ ይቀባ ነው የሚለው። አሁን ቤቱን ሦስት እጅ ቀብቼዋለሁ። ያንን ምሰሶ ግን ያኔ አንድ እጅ ብቻ ነበር የቀባሁት። ለናሙና ምን ያደርጋል ብዬ ቆጠብኩ። እና በዚያ አንድ እጅ ነው እሳት አይነካዎትም እያልኩ ስምልልዎት የነበረው።"

ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ምሰሶውን አዩት። ስድቡን ስጠብቅ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ነው። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ፣ ሳቁና፦

"ታዲያ የቀሩትን ሁለት እጅ ማን የቀባው ይመስልሃል?" አሉኝ።

ዛሬ አዲስ አበባ ነኝ፤ ቀለም መሸጤንም አልተውኩም። ዴንግ በስልክ ባገኘሁት ቁጥር "አንዱም እጅ ይበቃ ነበር፣ ጠላውም ቶሎ ደረሰ" እያለ ያጽናናኛል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የአንዲት ሴት ሙሉ ኑሮ በእኔ ስስት ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ሳስብ አሁንም አፍራለሁ። እትዬ አስካለ ለበዓል ሲደውሉ "እህ፣ አሁንስ አመንክ?" ይሉኛል። አዎ እላቸዋለሁ። ማን እንዳዳናቸው ከእሳቸው ጋር መከራከር ትቻለሁ፤ ማን ሊያስፈጃቸው እንደነበር አውቃለሁና።