ልጅ የሚጠራ መጋረጃ

እህቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። ድምጿን ግን እግዜር ለገበያ ነው የፈጠረው፤ የስፌት መኪናው እየጮኸ እንኳ እሷ ትበልጣለች። እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ሲደበድብ ኖሯል። እሷ ምን ተዳዋ! "ሰላም እያለኝ ነው" ትላለች።

አንጀቷን የሚያሳርራት ልጇ ነበር። ጎረምሳ ሳለ ቋንቋችንን እርግፍ አድርጎ ተወው። ዛሬ ጢሙን ያንዠረገገ የቢሮ ሰው ሆኖ፣ እሷ በእኛ ቋንቋ ስትጠይቀው በእነሱ ይመልስላታል። "ጠፍቶብኛል" ይላል። "ወልጄ ለባዕድ ሰጠሁ" እያለች ታለቅስብኛለች። እኔማ አንድ ጥፊ ባቀምሰው ደስታዬ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ሠዓሊ እህቴ ሱቅ መጣች። ስደተኞች ለብሰውት የመጡትን ልብስ ሰብስባ፣ እህቴ ቀጣጥላ ትልቅ መጋረጃ እንድትሰፋው፣ በየስፌቱም ትንንሽ ስፒከር እንድትደብቅበት ፈለገች። "ከአገርዎ አንድ ዘፈንም ይዝፈኑልኝና ልቅዳው" አለቻት። እህቴ ዘፈነች። ምስኪን ሠዓሊ፣ ዓይኗን ጨፍና ቻለችው።

"ሌላ የሚያውቁት የለም?"

"መጣራት አውቃለሁ" አለች እህቴ፤ ልጇን ስትጣራ እንደኖረችውም ተጣራች። ሠዓሊዋ ማዳመጫውን ከጆሮዋ መንጭቃ ጣለችው።

ኤግዚቢሽኑ የተከፈተ ዕለት ልጁን በግድ ጎትቼ አመጣሁት። ክራቫቱን አጥብቆ፣ ብርጭቆ ይዞ፣ ከሥራ ባልደረባው ጋር በእነሱ ቋንቋ ይንበለበላል። ሰዉ መጋረጃውን እየዳበሰ በሹክሹክታ ያደንቃል። ድንገት መጋረጃው አምባረቀ።

"አንተ ልጅ! የት ነው የተጎለትከው? ና እንጂ!"

"አቤት እማዬ! መጣሁ!"

ጢማሙ ነው! ብርጭቆውን ለባልደረባው አስታቅፎ ወደ መጋረጃው ሮጧል። አልዋሽም፣ እኔም ከወንበሬ ብድግ ብያለሁ። "ጠፍቶብኛል አላልክም?" ብዬ ሳቄን ለቀቅኩት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

መጋረጃው ሥር የቆመችው እህቴ ግን አልሳቀችም። ተስፋ ማድረግ ፈርታለች።

"ደንግጠህ ነው ልጄ" አለችው። "መጋረጃ እኮ ነው።"

እሱም ክራቫቱን ይነካካል። ጥቂት ቆይቶ መጋረጃው እንደገና "አንተ ልጅ!" አለ። አሁን መጋረጃ መሆኑን ያውቃል። ዘወር ብሎ እናቱን አያትና፣ ቀስ ብሎ፣ "አቤት" አላት።