በጓንት የሚከፈት ሰንጢ

ሳንዲ ስፕሪንግስ ካለው ሱፐርማርኬት ውስጥ የበረዶ አትክልት የሚቀመጥበትን ፍሪዘር የመስታወት በር በከፈትኩ ቁጥር ያ ጭስ የመሰለ ብርድ ፊቴን ይመታኛል፤ ያን ጊዜ ሳላስበው ጥርሴን እነክሳለሁ። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ሆነ። አጠገቤ የቆመች ሴት አይታኝ ፈገግ አለች። እኔ ግን የነከስኩት ጓንት ነው፤ ሃያ ዓመት ያለፈው ጓንት። ጣዕሙ ዛሬም አፌ ውስጥ አለ፦ እርጥብ ካርቶን፣ ዓሣና ላስቲክ።

እንግዲህ ከጠየቅሽኝ ልንገርሽ። እዚህ ከተማችን የተደረገው ኦሎምፒክ ካለፈ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፤ ዶራቪል አካባቢ አንድ የቀዘቀዘ ምግብ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። ውጭው ሐምሌ ነው፤ አስፋልቱ ይለበልባል። እኛ ውስጥ ካፖርት ደርበን፣ ጣት የማያሳጥፍ ወፍራም ጓንት አጥልቀን፣ የዓሣና የአተር ካርቶን እንፈታለን። እያንዳንዱ ክምር በፕላስቲክ ማሰሪያ የተጠፈረ ነው፤ እሱን የምንቆርጥበት የየራሳችን ታጣፊ ሰንጢ ነበረን። የኔዋ ትንሽዬ፣ እጀታዋ ብረት፣ ስለቷ በጥፍር ካልሳቡት የማይወጣ ነበረች። በዚያ ጓንት ውስጥ ጥፍር ከየት ይመጣል? ስለዚህ ጓንቴን በጥርሴ ነክሼ አወልቃለሁ፤ ሰንጢዋን እከፍታለሁ፤ መልሼ አጠልቃለሁ። እንደገና ነክሼ አወልቃለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ማማረር ኃጢአት ይመስለኝ ነበር።

ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና የሚነዳ አንድ ያገራችን ልጅ ነበር። ሲያፏጭ በሞተሩ ጩኸት መሐል እንኳ እለየዋለሁ። እሑድ ደግሞ ቅዳሴ ላይ በወንዶች በኩል ቆሞ አየዋለሁ፤ ዓይኔን ቶሎ እመልሳለሁ። በጸሎቴ መጨረሻ ስሙን አነሣ ነበር፤ እግዚአብሔርም እንዳይጠረጥረኝ ይመስል ከሕመምተኞቹ ስም ጋር ደባልቄ።

መጋዘን ውስጥ ያገሬ ሰው ሁሉ «እማሆይ» ነበር የሚለኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ነጠላ ከቦርሳዬ ስለማይጠፋ፣ ረቡዕና ዓርብም ሌላው ማረፊያ ክፍሉ ገብቶ ሲበላ እኔ ዳዊቴን ይዤ ስለምቀመጥ ነው። እሱም «እንደምን አደርሽ፣ እማሆይ» ይለኛል። ሌላው ሲለኝ ክብር ይመስለኛል፤ እሱ ሲለኝ ይወጋኛል።

ከዚያ እሷ መጣች። ካገር ቤት ገና መግባቷ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን በኩል ማረፊያ ፈልጉላት ተባለና እኔው ጋ አስገባኋት። ሥራውንም ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ማመልከቻውን በእጄ ነው የሞላሁላት። ሳቋ ከሷ ቀድሞ በር የሚገባ ዓይነት ልጅ ነበረች። በሁለተኛው ሳምንት ምሳ ላይ እሱ መጥቶ ፊቷ ቆመና፣

«አንቺ ቅብጥ፣ በዚህች የሽንኩርት ቢላ ጣትሽን ልትጨርሺው ነው እንዴ? ቅዳሜ ማሪዬታ እወስድሻለሁ፤ ደህና ሰንጢ እንመርጣለን» አላት።

እኔ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበርኩ።

ቤት ስንገባ «ብቻዬንማ አልሄድም፤ አንቺም ትመጫለሽ። ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። ያስተማርኳት ጨዋነት ነው እኔኑ የኋላ ወንበር ላይ ያስቀመጠኝ።

የአዳኞችና የዓሣ አጥማጆች ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ነበር፤ ቆዳና የጠመንጃ ዘይት ይሸታል። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ የመስታወቱ ጠረጴዛ ውስጥ የተደረደሩትን ስለቶች ያብለጨልጫቸዋል። እሱ «ጓንታችሁን እንዳትረሱ፤ ሰንጢ በባዶ እጅ አይመረጥም» ብሎን ስለነበር በዚያ ሙቀት የፍሪዘር ጓንቷን አጠለቀላት። እያንዳንዱን ጣት እየሳበ፣ ለሕፃን እንደሚያለብሱት። ሻጩ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ ነበር፤ እንዲህ ሆነን ሲያየን «ከጥር ብርድ ነው እንዴ የመጣችሁት?» ብሎ ሳቀ።

የመጀመሪያው እንደኔዋ በጥፍር የሚከፈት ነበር። «ተይው» አላት። ሁለተኛው ከስለቱ ጎን ትንሽ ጉጥ አለችው፤ የጓንቱ ጣት ተንሸራተተባት። ሦስተኛው ስለቱ ላይ ሰፊ ቀዳዳ ነበረው፤ የጓንቱ አውራ ጣት ገባበትና ስለቱ ተፈናጥሮ ወጣ። «ውይ!» ብላ ጮኸች፤ እሱም እኩል ጮኸ። ግን ልታጥፈው ስትል መቆለፊያው እጀታው ውስጥ የተደበቀች ቀጭን ብረት ሆነችና ጓንቱ ተቀረቀረባት። «ይሄማ ጣትሽን ይዞ ይሄዳል» ብሎ አስመለሳት። አራተኛው ቀዳዳውም አለው፣ መቆለፊያውም በጀርባው ነው፤ በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ይለቃል። እጀታው ሸካራ ላስቲክ ነው፣ እጅ የሚሞላ።

«ብረት እጀታ ብርዱን አጥንት ውስጥ ነው የሚከተው» አላት። «በይ፣ ዓይንሽን ጨፍኚና አሥር ጊዜ ክፈቺ፣ አሥር ጊዜ እጠፊ። እጅሽ ራሱ ካላወቀው ዋጋ የለውም።»

ጨፈነች። ልቧ እስኪጠፋ እየሳቀች ትቆጥራለች። እሱ ሰንጢውን ማየት ትቶ እሷን ያያል። የጨፈነች ሴት እንዴት እንደምትታይ ያን ቀን አየሁ፤ እኔን ጨፍኜ ያየኝ ቅዱስ ሥዕል ብቻ ነው።

ሻጩ «ስለ ሰንጢ ብዙ ታውቃለህ» ሲለው በጣቱ ወደኔ ጠቆመና «ከሷ ነው የተማርኩት» አለው። ዞር ብሎም በአማርኛ፣ «እውነቴን ነው እማሆይ፤ ሁለት ዓመት ጓንትሽን በጥርስሽ ስታወልቂ እያየሁ ነው ሰንጢ ምን መሆን እንደሌለበት ያወቅኩት» አለኝ።

አይቶኝ ነበር ማለት ነው። የማያየኝ መስሎኝ ስንት ቀን ያለቀስኩበት ሰው ሲያየኝ ነው የከረመው፤ ከኔ ጭንቅ የተማረውን አንሥቶ ለሷ ምቾት ሰጠው።

«አንቺም አንዱን ትራይ አድርጊ እንጂ» አለኝ። እሷም ዓይኗን ገልጣ «አዎ! አንድ ዓይነት እንያዝ፣ በናትሽ!» አለች።

«እኔ ለምጃለሁ» አልኩ።

ሰንጢውን ሲገዛላት በእጇ አልሰጣትም። ታውቂያለሽ፣ እኛ ስለት በእጅ አንቀባበልም፤ ያጣላል ይባላል። መስታወቱ ላይ አስቀመጠላትና «እንዳንጣላ፣ አንሺው» አላት። እንዳንጣላ! ገና ምን ሆነው ነው የሚጣሉት? በመንገድ ሁሉ ይህንኑ ስመላለስበት ቤት ደረስን።

በሚቀጥለው ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ ከመሰላል ላይ ሆና ማሰሪያ ስትቆርጥ ሰንጢው አመለጣት። እሱ ከፎርክሊፍቱ ወርዶ አነሣው፤ አጥፎም የሚያስቀምጥላት ቦታ በዓይኑ ፈለገ። ካርቶን ሞልቷል። አንዱ ላይ ማኖር ይችል ነበር።

«ኧረ በእጇ ስጣት» አልኩት። «ክርስቲያን ሆኖ በዚህ የሚያምን አለ? ባዕድ አምልኮ ነው።»

«እማሆይ ካለችማ» ብሎ ዘረጋላት። ጓንት ለጓንት ተቀባበሉ።

አምን ነበር። እናቴ ቤት ምላጭ እንኳ መሬት ተቀምጦ ነበር የሚነሣው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አምኜ ነው ያልኩት።

ከዚያ መጠበቅ ጀመርኩ። ፍልሰታ ገባ፤ እኔ በጾሙ መሐል የሰው ጠብ እጠብቃለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ከዘገየ «ተጣሉ» እላለሁ። ይመጣል፣ በዚያው ሰንጢ ማንጎ ልጣ ታካፍለዋለች። ቤት ስታወራኝ «ጾም ነው፤ ወሬ አላበዛም» እላታለሁ። ዝምታዬንም ጾም አልኩት። የሠራችውን ሽሮ ሸፍና ትተውልኛለች፤ እኔ ዳቦዬን በውኃ እበላለሁ። የእውነት መስሏት ጾሜን ታደንቅ ነበር።

ጾሙ ከተፈታ በኋላ ሽማግሌ ላከ። ወላጆቿ ሩቅ ናቸውና የት ይላክ? እኔ ቤት። ሦስት አባቶች ያቺ አሮጌ ሶፋዬ ላይ ተጣበው ተቀምጠው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንደ ታላቅ እህት ሆነሽ አስጠግተሻታል፤ ልጅሽን ለልጃችን» አሉኝ። ቀጠሮ ሳልሰጥ፣ ሳላንገራግር፣ እንደ ወጉ አንዴ እንኳ ሳልመልሳቸው «እሺ» አልኩ። ቶሎ እንዲወጡልኝ ነበር።

በማግስቱ ንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። «አባ፣ ቀናሁ» አልኳቸው፤ የሰንጢውንም ነገር ተናገርኩ። ብዙ ስግደት ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን «ለሠርጓ ፀጉሯን ማን ይሠራታል?» አሉኝ።

«እንጃ፣ አባ።»

«እንግዲያ አንቺ ሥሪያት።»

ስግደቱ በቀለለኝ።

ሠርጋቸው በተክሊል ስለነበር የሳሎን ፀጉር አልፈለገችም፤ ሹሩባ ነው ያለችው። በሠርጉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ እሷ ወለሉ ላይ በጉልበቶቼ መሐል ተቀመጠች። ፀጉሯ ቅቤና ሎሚ ሳሙና ይሸታል። ግማሹን ሠርቼ ስጨርስ ነገርኳት። ፊቷን ስለማላይ ነው የቻልኩት።

«ያን ቀን በእጇ ስጣት ያልኩት እንድትጣሉ ብዬ ነው።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የምታለቅስ መሰለኝ። ትስቃለች።

«እና በየቀኑ የሚያነታርከን አንቺ ነሽ? እኔ እኮ የእናቱ ስልክ መስሎኝ!» አለች። ቀጥላም፣ ሳትዞር፣ «እሱን ትወጂው ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«አንገትሽን ቀና አድርጊ» አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም። እጇን ወደኋላ ሰዳ ቁርጭምጭሚቴን ያዘች፤ እንደያዘችው ቀረች።

ዛሬ እነሱ ሌላ ክፍለ ሀገር ናቸው፤ ልጆቻቸው ኮሌጅ ደርሰዋል። እኔንም እግዚአብሔር አልጣለኝም፤ ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ይህን ስነግርሽ ሳሎን ተቀምጦ ዜና ያያል። ግን ለበዓል ስትደውልና ከኋላዋ የሱን ፉጨት ስሰማ፣ አልዋሽሽም፣ አንዳንዴ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞራለሁ።

ያን ቅዳሜ የመጨረሻውን ጉንጉን ስጨርስ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። የሳምንቱ ድካም ነው። ጭንቅላቷ ጉልበቴ ላይ ዘንበል ብሎ ከበደ። ከመኪና ማቆሚያው ክላክስ ተሰማ፤ ካህኑ ሁለቱን ስለጠሯቸው እሱ ሊወስዳት መጥቶ ነው። ልቀሰቅሳት እጄን አነሣሁ። ደክሟታል ብዬ ይሁን፣ እሱ ትንሽ ይጠብቅ ብዬ ይሁን፣ እስካሁን አላውቀውም። ደግሞ ነፋ። ያነሣሁትን እጄን ጆሮዋ ላይ አሳረፍኩና ሸፈንኩላት።