መደመር ብየዳ ነው

ብርሃነሽ ከሆሳዕና መጥታ ቡራዩ ውስጥ የብረት በር መበየድ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። መንገደኛው ሁሉ «ሴት ትበይዳለች እንዴ!» ብሎ ይቆማል፤ እሷ ቀና ብላም አታየው። ምኞቷ ቴክኒክ ኮሌጅ ገብታ የምትበይደውን በር ራሷ መንደፍ ነበር። የመግቢያ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወደቀች፣ ሁለቴም በሒሳብ። ከሦስተኛው በኋላ መፈተን አይፈቀድም።

እኔ የቅዳሜ የሒሳብ መምህሯ ነኝ፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ብርሃነሽ ደግሞ የፖሊኖሚያል ክፍልፋይ ስታይ እጇን ይበላታል። x² + 5x + 6 ላይ፣ x² + 7x + 10 ታች ከሆነ፣ ሁለቱን x² ጭረት አድርጋባቸው ቁጭ! «የተደመረ አይሰረዝም!» እያልኩ ስንት ጠመኔ ሰበርኩ።

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ብሽቅ ብዬ ሥራ ቦታዋ ሄድኩ። አንድ አሮጌ በር ትፈታለች።

«ማጠፊያውን እንዴት አወጣሽው?» አልኳት።

«በብሎን የታሰረ ነዋ፣ ቲቸር።»

«ይሄን ፍርግርግስ?»

«እሱማ የተበየደ ነው! ግማሹን ላንሳ ብል በሩ ይበላሻል።» ድንገት የብየዳ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለችው። «ቲቸር! መደመር ብየዳ ነው እንዴ?»

«ነው እንጂ! ማባዛት ነው ብሎኑ!»

ጠመኔ አንስታ ላሜራው ላይ ጻፈች። ሲባዙ ስድስት፣ ሲደመሩ አምስት የሚሆኑት ሁለትና ሦስት ናቸው፤ ለታችኛው ደግሞ ሁለትና አምስት። ላይ (x + 2)(x + 3)፣ ታች (x + 2)(x + 5) ወጣ። ሁለቱን (x + 2) ፈታ አድርጋ ጣለቻቸው። x + 3 ላይ፣ x + 5 ታች ቀረ። እጇ ወደ ሁለቱ x ሄደና ቆመ።

«ይሄማ የተበየደ ነው» ብላ ጠመኔውን አስቀመጠች። ደስታው አሰከረን። አሠሪዋ ኦቦ ቦጂያ «አከም፣ ምን ተገኘ?» እያለ ወጣና ምኑም ሳይገባው አብሮን አጨበጨበ።

በፈተናው ቀን ከኮሌጁ በር ውጭ ቆሜ ስንቆራጠጥ ዋልኩ። በመጨረሻ ብርሃነሽ ከሕንፃው እየሮጠች ወጣች፤ ገና ከሩቅ፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮኸች።

«ቲቸር! መጣ! ያው ዓይነቱ መጣ! የተበየደውን አልነካሁትም!»

ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተለጠፈ፤ አልፋለች። እኔ ግን ጭፈራዬን በፈተናው ዕለት ከኮሌጁ ዘበኛ ጋር በሩ ላይ ጨርሼ ነበር።