ባዶው ጮጮ

ይህ የሆነው የዛሬ ሦስት ዓመት፣ እዚሁ ነጌሌ ቦረና ነው። ጠዋት በሬ በተንኳኳ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልጻፈው ብያለሁ።

ባለቤቴ ወታደር ነው፤ ቤታችን ከካምፑ አጠገብ ነው። እኔ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ። ያኔ ከመወፈሬ የተነሳ ስኳር ይዞኝ፣ ጉልበቴም ከቤት ሱቅ አላደርስ ብሎኝ ነበር። አዲስ አበባ ሄጄ ጨጓራ የሚያሳንሰውን ቀዶ ሕክምና ጠየቅሁ። ሐኪሙ ግን አስቀድሜ አመጋገቤን አስተካክዬ፣ በእግሬ መሄድ ለምጄ፣ ጥቂት ቀንሼ እንድመለስ ነገረኝ።

"ቀዶ ሕክምናው በእርስዎ ፈንታ አይራመድም" አለኝ።

ነጌሌ ተመልሼ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። "ሆዷን ልታስቀድድ ነው" መባሉን ፈራሁ። ጣፋጭና ቅባት ትቼ ትንሽ ቀለል ማለት ስጀምር ግን ሰፈሩ አየኝ። እኛ ዘንድ ሴት ስትከሳ "አማረብሽ" የሚላት የለም፤ "ምን ነካት?" ነው።

ከሁሉ የባሱት ጎረቤቴ አዴ ቃባሌ ነበሩ። ከከተማው ዳር ላሞች ያሏቸው የቦረና እናት ናቸው፤ አዴ ማለትም እናት ማለት ነው። ጮጮ በምንለው የወተት ዕቃቸው በየማለዳው ወተት ያመጡልኝ ጀመር።

"ጠጪ፣ ልጄ። አለቅሽ እኮ" ይሉና እስክጨርስ ቆመው ያዩኛል። ደጅ ድረስ የመጣ ወተት አይመለስም፤ ጠጣሁ። ለካ ሌሎቹንም ሴቶች አስተባብረው ኖሯል፤ ማታ ማታ ደግሞ ቅቤ የጠገበ ገንፎ ይመጣል።

በቀጠሮዬ ሚዛን ላይ ስወጣ ከመጀመሪያው ጨምሬ ተገኘሁ። ሐኪሙ የቀዶ ሕክምናውን ቀን አራዘመው። አውቶቡስ ውስጥ ፊቴን በሻርፕ ሸፍኜ እያለቀስኩ ተመለስኩ።

በማግስቱ አዴ ቃባሌ ጮጮአቸውን ይዘው ከች አሉ። "አካም ቡልቴ?" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ጠይቀው ሳይጨርሱ አፈነዳሁት።

"አዴ፣ የከሳሁት ታምሜ አይደለም፣ ፈልጌ ነው። ካልቀነስኩ ሐኪሙ አያክመኝም። እርስዎ እያወፈሩኝ ቀጠሮዬን አሳለፉብኝ።"

ጮጮአቸውን አንስተው ወጡ። ተቀየሙኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዝ አለኝ።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። እሳቸው ናቸው። ጮጮው ባዶ ነበር።

"ያዢው" አሉኝ። "ላሞቹ ጋ ስንት ዘመን ብቻዬን ሄድኩ። ከዛሬ ወዲያ አብረን ነን። ስንመለስ የሞላውን አንቺ ትሸከሚያለሽ። አትጠጪውም ግን።"

መጀመሪያ ሰሞን መንገድ ላይ እየተቀመጥኩ ነበር የምደርሰው። እሳቸው ቆመው ይጠብቁኛል። ገንፎውንም ራሳቸው ቤት ለቤት ዞረው አስቆሙልኝ። ወራት ቆይቼ ስመለስ ሐኪሙ ሚዛኑን አይቶ ተቀበለኝ።

ታክሜ ከሆስፒታል አልጋዬ ላይ ደወልኩላቸው። ከቀዶ ሕክምናው በሰላም መውጣቴን ሰምተው "ገላቶሚ ዋቃ" ብለው አምላካቸውን አመሰገኑ።

"መቼ ነው የምትመጪው?" አሉኝ። "ባዶው ጮጮ ከብዶኛል።"

ስፌቱ እያመመኝ አለቀስኩ። ዛሬ "ምን አድርገሽ ቀነስሽ?" የሚለኝ ሁሉ ስለ ሐኪሙ እንዳወራለት ይጠብቃል። እኔ የምጀምረው ከአዴ ቃባሌ ነው።